በር ላይ የምትቀረዋ ፈዋሽ

ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ሰው ደስ የሚለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ሊዘጋ ነው ተባለ።

ሥራዋ ሸሚዝ መፈተሽ ነው። በስፌት ፋብሪካው ዳር፣ ከመተኮሻው ክፍል በፊት፣ ነጭ መብራት የሚወርድበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። ሸሚዙ እዚያ ይዘረጋል። እሷ አንገትጌውን ትገለብጣለች፣ ጣቷን በስፌቱ ላይ ታስኬዳለች፣ የላላ ክር ካገኘች ትንሽ ቀይ ተለጣፊ ለጥፋ ወደ ሰፊዋ ትመልሰዋለች። የተመለሰ ሸሚዝ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ስለዚህ በማሽኖቹ መሀል ስታልፍ ወሬ ይቆማል። ሰፊዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሰላምታ አይነፍጓትም። ግን ሲሳሳቁ ቆይተው እሷ ስትደርስ አፋቸውን ገጥመው መርፌያቸውን ያያሉ፤ ካለፈች በኋላ ሳቁ ከጀርባዋ እንደገና ይነሳል። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። በየትኛውም ቤት፣ በማንም አፍ ላይ ቢሆን ትለየዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ነበር። ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ሄድፎኗን አጥልቃ ወደ ኦንላይኑ ጨዋታ ስትገባ ሦስት ድምፅ ባንዴ «መጣች» ይላል። እዚያ ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ረጅም በትር የያዘች ፈዋሽ ናት። ጓደኞቿን ጭራቅ ሲነክሳቸው፣ ዘንዶ ሲያቃጥላቸው፣ በትሯን አንስታ ቁስላቸውን ትዘጋለች። ጋሻ ይዞ ከፊት የሚሄደው፣ ዝሆኔ እያሉ የሚጠሩት ሾፌር ነው፤ በሥራ ቀን የዳቦ መኪና ይነዳል፣ ድምፁ ከመኪናው ጡሩምባ አይተናነስም። ቀስት የምትወረውረው ፋርማሲስቷ ናት፤ ተቆጣጣሪዋን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቃታለች። እሳት የሚተፋው ጠንቋይ ደግሞ የተቆጣጣሪዋ ታናሽ ወንድም ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከእሷ ጋር በአንድ ቤት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ይኖራል። እሱ ሲስቅ ሳቁ ሁለቴ ይሰማታል፤ መጀመሪያ በግድግዳው፣ ትንሽ ቆይቶ በሄድፎኑ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዋሻ ሲገቡ እሷ በር ላይ ትቀርና «ሁላችሁም ገብታችኋል?» ብላ ትጠይቃለች። «ገብቻለሁ» ይላል ሾፌሩ። «ገብቻለሁ» ትላለች ፋርማሲስቷ። «ገብቻለሁ» ይላል ወንድሟ። ከዚያ በኋላ እሷ ትገባለች። ድሮ፣ ገና ሲጀምሩ፣ አንዳቸው ውጭ እያለ በሩ ተዘግቶ ስለነበር ነው የመጣው። ቀስ በቀስ ግን ያለዚያ ጥያቄ ዋሻ የሚገባ እግር አጡ። እሷን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሷ ናት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በእሷ እጅ አንድም ሰው ሞቶ አያውቅም። በዚህ ትኮራለች፤ አፍ አውጥታ ባትናገረውም።

የጨዋታው ሰርቨር ሊዘጋ ነው የሚለው መልእክት በስክሪኑ ግርጌ ብቅ ብሎ ሲጠፋ ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እውነት መሆኑ ሲታወቅ ብዙ አላዘኑም፤ ሌላ ጨዋታ ይፈለግ ተባለ። እያንዳንዱ አንድ አንድ እንዲያመጣ፣ የመጣው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሞከር፣ በመጨረሻ አራቱም የወደዱት እንዲመረጥ ተስማሙ። ተቆጣጣሪዋም ተስማማች። ውስጧ ግን ቅር አለው። ጨዋታ ሲቀየር ሰውም ሊቀየር ይችላል። አዲስ ቤት ሲገባ ማን የትኛው ክፍል እንደሚደርሰው ማን ያውቃል።

መጀመሪያ የተሞከረው እሷ ያመጣችው ነው። መርከቦች በሰማይ የሚንሳፈፉበት፣ ከተሞቹ ከነጭ ድንጋይ የተሠሩበት፣ ፈዋሹም ኃይለኛ የሆነ ጨዋታ ነበር። ጥሩ ተጫወቱ። ማንም አልተጎዳም። ሲጨርሱ አስተያየት ጠየቀች።

«ደህና ነው» አለ ሾፌሩ። «ግን ትንሽ ይቀረዋል።»

«እኔም እንደዚያ ነው የተሰማኝ» አለች ፋርማሲስቷ። «ትንሽ ይቀረዋል።»

ወንድሟም ትንሽ እንደሚቀረው ተናገረ።

ተቆጣጣሪዋ ሄድፎኗን አውልቃ ተቀመጠች። ሾፌሩና ፋርማሲስቷ እሳትና ጭድ ናቸው። አንዱ ቀኝ ካለ ሌላዋ ግራ ትላለች፤ በአንድ ድልድይ ለመሻገር እንኳ ቅዳሜው እስኪያልቅ የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። አሁን በአንድ ቃል ተናገሩ። እሷ ደግሞ በሥራዋ የምታውቀው ነገር አለ። አንድ ሸሚዝ ላይ ኪሱ ቢጣመም የሰፊዋ እጅ ነው። በተለያየ ማሽን የተሰፉ ሦስት ሸሚዞች ላይ ኪሱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ግን ሰፊዎቹን መውቀስ ከንቱ ነው፤ ነገሩ የመጣው ከመቁረጫው ክፍል ነው። እነዚህ ሦስቱ ከመናገራቸው በፊት አንድ ቦታ ተገናኝተው ተቆርጠዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፋርማሲስቷ ያመጣችው ተሞከረ፤ ጫካና የሚናገሩ ድመቶች ያሉበት። ያመጣችው እራሷ ናት መጀመሪያ ያጣጣለችው። ሾፌሩ ያመጣው ከመከፈቱ ተዘጋ፤ የራሱን ጨዋታ ለመከላከል አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወንድሟ ተራው ሲደርስ ምንም እንዳላገኘ ነገራቸው። ይህ ነው ጨርሶ አልዋጥ ያላት። ይህ ልጅ ሽቦ ሲቀጥል እንኳ በአንድ ጆሮው ስለ ጌም የሚወራ የሚሰማ ነው። አዲስ ጨዋታ በዓለም ላይ ወጥቶ እሱ ሳያውቀው አያድርም። አሁን አጣሁ አለ፤ ያውም ዓይኑ ሳይርገበገብ። እንደ ልማዷ ጣቷን በነገሩ ላይ እያስኬደች የላላውን ክር መፈለግ ጀመረች።

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ የወንድሟ ኪቦርድ ሲንኳኳ ሰማች። እንዲያ የሚንኳኳው ሲጫወት ነው፤ ደብዳቤ ሲጽፍማ አንድ ፊደል ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል። ከዚያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ። በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ይህን ሳቅ ከመቼ ወዲህ እንዳልሰማችው ለማስታወስ ሞከረች፤ አቃታት። በሄድፎኗ አልነበረም፤ በግድግዳው ብቻ ነው የመጣው።

የታጠፈ ልብሱን ይዛ ገባች። በስክሪኑ ላይ የተሰበረ የድንጋይ ድልድይ፣ በጥጉ ደግሞ ነጭ ጉጉት አየች። ወዲያው ጠፋና የአንድ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል መጣ።

የነገ ሥራ ነው አላት፤ አንድ ሰውዬ ኩሽናው መብራት አጥቶ እንደተቸገረ ጨመረላት። ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው። ተቆጣጣሪዋ ልብሱን አልጋው ላይ አስቀምጣ የሰውዬውን ኩሽና እግዜር ያብራለት ብላ ወጣች።

ለፋርማሲስቷ ደወለች። በሚመጣው ረቡዕ ከሥራ በኋላ እንገናኝ አለቻት፤ ብዙ ቀን ሆነን፣ እግራችንን እናፍታታ። ፋርማሲስቷ ረቡዕ ረቡዕ ተረኛ መሆኗን፣ እስኪዘጋ ከባንኮኒው እንደማትንቀሳቀስ ነገረቻት፤ በጣም ይቅርታም ጠየቀች። የይቅርታው መብዛት አልጣማትም። ረቡዕ ሲደርስ ከፋብሪካው ወጥታ ቀጥታ ወደ ፋርማሲው ሄደች። ራስ ምታት የለባትም፤ ግን የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀች። ከባንኮኒው ጀርባ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። ጓደኛዋን ስትጠይቀው፣ ረቡዕ ረቡዕ ተራ ተቀያይረዋል፣ እሷ በጊዜ ነው የምትወጣው አላት። መድኃኒቱን ተቀብላ ወጣች። መንገድ ላይ እውነትም ራሷን ያማት ጀመር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ሰፊዎቹ በአንድ ጥግ ተሰብስበው ሲያወሩ፣ እሷ ብቻዋን ጠረጴዛዋ ጋ ስልኳን ይዛ ነጭ ጉጉት ፈለገች። አገኘችው። የጨዋታው ስም የአመድ ዘውድ ነው። አራት ሰው በአንድ ቡድን ይጫወታል ይላል። የተሰበረውን ድልድይ አየች። ወደ ታች ወርዳ መግለጫውን ስታነብ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። በዚህ ምድር ፈዋሽ የለም ይላል። የወደቀ ሰው ጓደኞቹ መጥተው እስኪያነሱት ድረስ በወደቀበት ይቆያል።

እንደገና አነበበችው። ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ስንት ጨዋታ እያለ፣ እሷ የማታስፈልግበትን ፈልገው መርጠዋል። የአራተኛው ሰው ቦታ ባዶ ነው፤ እሷን ከሚያስቀምጡበት ባዶውን ይመርጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መጥተው «መጣች» ይሏታል። እንግዲህ ሰርቨሩ እስኪዘጋ የሚያስታምሟት በሽተኛ እሷ ናት።

ብትጠይቃቸው እንደሚክዱ ታውቃለች። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች፤ ገልብጣ ከውስጥ በኩል ለማየት ወሰነች።

ረቡዕ ሲመጣ በሯን ቆልፋ በማያውቁት ስም አካውንት ከፈተች። ጺሙ የተንጨባረረ፣ አንድ ዓይና፣ መጥረቢያ የያዘ ሰውዬ መረጠች፤ ከዚህ በላይ እሷን የማይመስል አላገኘችም። ማይኩን አጠፋች። በድልድዩ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ሦስቱም እዚያ ነበሩ። መልካቸው ተቀይሯል፣ ግን አወቀቻቸው። አንዱ ያለ ምክንያት ባለበት ይዘላል፤ ወንድሟ በየትኛውም ጨዋታ እግሩ አያርፍም።

ጽፋ ጠየቀቻቸው፤ አንድ ሰው ትፈልጋላችሁ? ሾፌሩ በድምፁ መለሰ። መሞት የምትወድ ከሆነ ና ወንድሜ፣ እኛ ሌላ ሙያ የለንም አላት።

እውነቱን ነበር። በመጀመሪያው ዋሻ ሾፌሩ እየፎከረ ሮጦ ገብቶ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ፋርማሲስቷ እሱን ላወጣ ብላ እላዩ ላይ ወደቀች። ወንድሟ እሳት ወርውሮ የራሱን ካባ አቃጠለ። ሦስቱም ሞተው በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ የወንድሟ ሳቅ መጀመሪያ በግድግዳው ከዚያ በሄድፎኑ መጣ። ተቆጣጣሪዋ አንድ ዓይናውን ሰውዬ ይዛ በመሀላቸው ቆማ ቀረች። የሕይወታቸው ቀይ መስመር ባዶ ሆኖ ስታይ እጇ በትር ፍለጋ በኪቦርዱ ላይ ተራወጠ። የሚጫን ነገር የለም። አንድ በአንድ ጎትታ አነሳቻቸው።

ድልድዩ ላይ አረፍ ሲሉ ፋርማሲስቷ ድንገት «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንደብቃት?» አለች።

«ወንድሟ እሱ ነው። እሱ ይንገራት» አለ ሾፌሩ።

«ቅዳሜ እነግራታለሁ።»

«ያለፈውም ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር» አለ ሾፌሩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲል እንኳ ሰፈር ይሰማዋል። «እኔ ግን እውነቱን ልናገር? ፈዋሻችንን እወዳታለሁ፤ ግን እሷ ከሌለች ነው የምስቀው።»

ፋርማሲስቷ አንድ የማያውቁት ሰው አጠገባቸው እንዳለ አስታወሰችው። እንግዳ ነው፣ ምን አገባው ብሎ መለሰላት።

ተቆጣጣሪዋ ስትፈልግ የሰነበተችው ክር ይኸው፤ ሳበችው፣ መጣ። ሲገኝ ደስ የሚል መስሏት ነበር። ኮምፒውተሩን ለመዝጋት እጇን ዘረጋች። ግን ጨዋታው አልጠበቃትም፤ ሦስቱ ተነስተው ወደ ሁለተኛው ዋሻ እየሄዱ ነው፣ አንድ ዓይናውም ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል። በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ገባ፣ ፋርማሲስቷ ገባች፣ ወንድሟ እየዘለለ ገባ። እሷ እንባዋን በአንድ እጇ እየጠረገች፣ ሌላው እጇ የሚሠራውን ሳታይ፣ በር ላይ ቆማ ጻፈች።

ሁላችሁም ገብታችኋል?

«ገብቻለሁ» አለ ሾፌሩ።

«ገብቻለሁ» አለች ፋርማሲስቷ።

«ገብቻለሁ» አለ ወንድሟ።

ከዚያ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው፤ በማሽኖቹ መሀል የምታውቀው። በግድግዳው ማዶ የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ።

«ማን ነው የጠየቀው?» አለች ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ።

«እታለም» አለ ወንድሟ። ሁለቴ ሰማችው።

መዝጋት ትችል ነበር። ስሙ ሌላ፣ መልኩም ሌላ ነው፤ እኔ አይደለሁም ማለትም ይቻላል። ማይኩን ከፈተች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

ሾፌሩ ገና ዛሬ መግባቱ መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። ፋርማሲስቷ ዝም አሰኘችው፤ ሁላችንም ዋሽተናል፣ እኔ ደግሞ ተረኛ ነኝ ብዬ ዋሽቻለሁ አለች። ተቆጣጣሪዋ ፋርማሲው ድረስ ሄዳ እንደነበር፣ መነጽር ያደረገውን ልጅ እንዳገኘችው ነገረቻት።

«ፈዋሽ የሌለበትን ነው የመረጣችሁት» አለች ተቆጣጣሪዋ። «አውቃችሁ ነው።»

«አውቀን ነው» አለ ወንድሟ። «እታለም፣ አንቺ ካለሽ አንሞትም።»

«ይሄ ጥፋት ሆነ?»

«ጥፋት አይደለም። ግን ዘንዶው ሲነሳ እኔ ብስኩት እበላለሁ። ዝሆኔ ስልክ ያነሳል። ምን ያስፈራናል? አንቺ አለሽ። ገና ከመሳሳታችን ትዘጊዋለሽ። ስህተቱ የት ሄደ ብለን ስንፈልገው የለም።»

«እኔማ» አለ ሾፌሩ፣ «አንዴ እስቲ መሞት ምን ይመስላል ብዬ ገደል ገባሁ። ተከትለሽኝ ዘለሽ አዳንሽኝ። ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። ያን ቀን በኩራት ነበር ያደረችው።

ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀች። ፋርማሲስቷ፣ ብንነግርሽ እሺ ትይን ነበር፣ ከዚያ ደግሞ በር ላይ ቆመሽ በዚያ ሸሚዝ በምትፈትሺበት ዓይንሽ ታይን ነበር አለቻት።

ተቆጣጣሪዋ የሰማችውን ዘርግታ ጣቷን አስኬደችበት። የተሠራ ማባበያ ይሆን? አሁን ሲያዙ የመጣላቸው ይሆን? አንድ ቦታ የላላ መሰላት፣ ተመልሳ ስትነካው ጠበቀ። ሌላ ቦታ ደግሞ ጠበቀ ያለችው ላላ። መብራቱ በቂ አልነበረም። ሰው እንደ ሸሚዝ ከመብራት ሥር አይዘረጋም።

«ታዲያ አሁን ምን ይሁን?» አለች።

«አሁንማ መጥረቢያ ይዘሻል» አለ ወንድሟ። «ደግሞ ምን የመሰለ ጺም።»

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ወንድሜ ና ያልኩት ማንን እንደሆነ እዩልኝ እያለ፣ የዛሬውን ውርደት ለመኪናው ረዳት እንኳ እንደማይናገር ማለ። ፋርማሲስቷም ሳቀች። ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም፤ ግን መጥረቢያዋንም አላስቀመጠችም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ወንድሟ፤ ሦስቱም ከዋሻው ወጥተው ከበሩ በሁለት በኩል ቆሙላት። «ዛሬ ቀድመሽ ግቢ።»

ቀድማ ገብታ አታውቅም። በሩን አየችው፤ ጨለማ ነው። እሷ ስትገባ ከኋላዋ ቢዘጋስ? ዞር ብለው ወደ ድልድዩ ቢሄዱስ? ቢሄዱ የምታውቀው ወድቃ፣ የሚያነሳት ሰው ስትጠብቅ ነው። ለአፍታ እያንዳንዳቸውን ተራ በተራ አየቻቸው። ወንድሟ መዝለሉን ትቶ ነበር።

ገባች።

ጥቂት እንደሄደች ከግራ የሆነ ነገር ተንደረደረባት፤ ምን እንደሆነ ሳታየው መጥረቢያዋን ሰነዘረች፣ ግድግዳ መታች፣ ሁለተኛውን ሳትሰነዝር ወደቀች። ቀይ መስመሯ ባዶ ሆነ። ስክሪኑ ግራጫ ለበሰ። አንድ ዓይናው ሰውዬ በጀርባው ተዘርሮ የዋሻውን ጣሪያ ያያል፤ ከላዩ ነጭ ጉጉት ይዞራል። በሄድፎኑ ምንም ድምፅ የለም። በግድግዳውም የለም። ሞቶ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሩን ጠበቀች። ያኛው፣ የማሽኖቹ መሀል ዝምታ ነው አይደለም እያለች፣ እየለየች፣ ሳትለይ ጠበቀች።

ከዚያ በሩ ላይ የአንድ ሰው ጥላ ቆመ። ባለበት ይዘላል።

«እታለም» አለ በግድግዳው፣ ከዚያ በሄድፎኑ። «ገብተሻል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ገብቻለሁ» አለች፣ ከወደቀችበት።